1300 ሜትር ብቻ የሄደችው መርከብ

መቸም የደብረ ብርሃን ልጅ በመርከብ ፍቅር ተያዘ ቢባል የሚያምን አይገኝም። እኛ ልጆች ሆነን የምናውቀው ትልቁ ውኃ በሬሳ ነው፤ እሱም ክረምት ሲሞላ በግ ይወስድ እንደሆነ እንጂ ጀልባ ሲሸከም ያየ የለም። ነገር ግን በቤታችን ግድግዳ ላይ፣ ከቅዱስ ገብርኤል ሥዕል ጎን፣ አንድ የመርከብ ፎቶግራፍ ተሰቅሎ ነበር። የላኩልን በባሕር ኃይል ያገለግሉ የነበሩት አጎቴ ናቸው፤ ከምጽዋ። መርከቧ ‹‹ኢትዮጵያ›› ትባላለች። አሜሪካኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ሠርተው ሲገለገሉባት ቆይተው እ.ኤ.አ. በ1962 ለአገራችን የሰጧት፣ የባሕር ኃይላችን ትልቋ መርከብ ነበረች። አጎቴ ለፈቃድ ሲመጡ ጠላቸውን ይዘው ስለ እሷ ሲያወጉ ያመሹ ነበር። አንዲት አባባላቸው እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋችም፤ ‹‹ልጄ፣ መርከብ ታቹ ካልከበደ ላዩ አይቆምም›› ይሉ ነበር።

ያቺ መርከብ እ.ኤ.አ. በ1991 መንግሥት ሲለወጥ ወደ የመን ሸሸች፤ በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ከሠላሳ ዓመት አገልግሎት በኋላ ማለት ነው። አጎቴ ይህን በሰሙ ጊዜ ለሁለት ቀን ሰው አላነጋገሩም። እኔ ግን በዚያው ዓመት፣ ከአገሬ በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቄ፣ ለአገሯ አንድ ቀን እንኳ ሳታገለግል የሰጠመች፣ ሆኖም እንደ ቅርስ በጣራ ሥር የምትጠበቅ ሌላ መርከብ ፊት ቆሜ ነበር። የዛሬው ወጌ ስለ እሷ ነው።

ስቶክሆልም የሄድሁት ለአራት ወር ኮርስ ነው። ሙያዬ ድራፍትስማንነት ነው፤ መሐንዲሶች ያሰቡትን በወረቀት ላይ በልክ የማሰፍር ሰው ነኝ። ወሩ ኅዳር ነበርና ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ይጨልማል። ብርዱ የደብረ ብርሃንን ብርድ ያስመሰግናል። አንድ እዚያ የሚኖር የአገሬ ሰው፣ እሑድ ዕለት ከእንግዳ ማረፊያዬ መጥቶ ‹‹ተነሥ፣ ብርዱን የምታመልጥበት ቤት ላሳይህ›› ብሎ ወሰደኝ። ከሩቅ ሲያዩት ጣራው ላይ የመርከብ ደቀል የመሳሰሉ ምሰሶዎች የቆሙበት ትልቅ ቤት ነው። በሩን አልፈን ስንገባ ውስጡ ደብዘዝ ያለ ነበር፤ ዓይኔ እስኪለምድ ድረስ ፊት ለፊቴ ያለው ጥቁር ነገር ግድግዳ መስሎኝ ነበር። ግድግዳው መርከብ ሆነ።

አንባቢ ሆይ፣ የመርከብ ስባሪ ወይም ሞዴል አይምሰልህ። ከፊት ከተቀሰረው ምሰሶዋ ጫፍ እስከ ኋላዋ 69 ሜትር፣ ይህም የእግር ኳስ ሜዳ ወርድ ያህል ነው፤ ከኋላ በኩል ብቻ ቁመቷ ወደ 20 ሜትር የሚጠጋ፣ በመቶዎች በሚቆጠሩ ቅርጻ ቅርጾች የተሸፈነች፣ እንዳለች ያለች የጦር መርከብ። ከእንጨቷ ከመቶ ዘጠና አምስት እጅ በላይ የሆነው የመጀመሪያው እንጨት ነው። ‹‹ስንት ዓመቷ ነው?›› አልሁ። ‹‹ሦስት መቶ ስልሳ አምስት›› አለኝ። ‹‹የት የት ዘምታለች?›› አልሁ። ሳቀ። ‹‹የትም። ከዚያ ወዲህ ማዶ ካለው ቤተ መንግሥት ሥር ተነሥታ እዚህ ከመድረሷ በፊት ሰጠመች፤ 1300 ሜትር ነው የሄደችው።››

ስሟ ቫሳ ነው። ቫሳ የስዊድን ነገሥታት ዘር መጠሪያ ሲሆን ምልክታቸውም የእህል ነዶ ነበር። ያሠራት ዳግማዊ ጉስታቭ አዶልፍ የተባለው ንጉሥ ነው፤ ጦረኛ፣ የተማረ፣ ችኩል። በዚያን ጊዜ ከፖላንዱ ንጉሥ ከሲግስሙንድ ጋር ይዋጋ ነበር። ሲግስሙንድም የቫሳ ዘር፣ የጉስታቭ አዶልፍ የአጎቱ ልጅና እ.ኤ.አ. እስከ 1599 ድረስ ራሱ የስዊድን ንጉሥ የነበረ ሰው ነው። እንግዲህ የዘመድ ጠብ ነው፤ የዘመድ ጠብ ደግሞ እንዴት እንደሚከርር የእኛን ታሪክ ያነበበ ሰው አይነገረውም። በዚያው ዘመን በእኛ አገር በዙፋን ላይ የነበሩት ዐፄ ሱስንዮስ ናቸው። ሁለቱ ነገሥታት ሳይተዋወቁ በአንድ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1632 ሞቱ፤ ሱስንዮስ ከሃይማኖቱ ጦርነት በኋላ ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀው፣ ጉስታቭ አዶልፍ ደግሞ በጀርመን አገር በሉትሰን የጦር ሜዳ፣ ጉም መሐል።

ውሉ የተፈረመው በጥር 1625 ነው። ሄንድሪክ ሂበርትሶን የተባለ ሆላንዳዊ የመርከብ ሠሪ አራት መርከቦች ሊሠራ ተዋዋለ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ አሥር የስዊድን መርከቦች በሪጋ ባሕረ ሰላጤ በማዕበል ጠፉና የንጉሡ ደብዳቤዎች ይጎርፉ ጀመር፤ ቶሎ በሉ፣ መጠኑን እንዲህ አድርጉት፣ የለም እንዲያ አድርጉት የሚሉ። ሠሪው በዚሁ መሐል ታመመ፤ በ1627 የጸደይ ወራት ሞተ። ሥራውን ረዳቱ ሄይን ያኮብሶን፣ የግቢውን አስተዳደር ደግሞ የሟቹ ሚስት ማርጋሬታ ኒልስዶተር ተረከቡ። በዚያ ዘመን አራት መቶ ያህል ሠራተኛ ያለበትን ግቢ ሴት ስትመራ ማሰብ ለእኔ ከመርከቧ ባልተናነሰ የሚያስደንቅ ነው፤ ግን ስለ እሷ የሚያወራ ሰው ጥቂት ነው።

ከሺህ የሚበልጡ የኦክ ዛፎች ተቆረጡላት። ሁለት የመድፍ ወለል፣ 64 መድፍ ተመደበላት፤ ከእነዚህም 48ቱ ወደ 10 ኪሎ የሚመዝን ጥይት የሚተፉ፣ እያንዳንዳቸው ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝኑ የነሐስ መድፎች ናቸው። ከፊቷ ሊዘል የተዘጋጀ ከሦስት ሜትር በላይ የሚረዝም አንበሳ፣ ከጎኗ የሮም ቄሣሮች፣ ከኋላዋ የንጉሡ ዘውድ ተቀረጸባት። ቀራጮቹ ጠላትንም አልረሱም። መርከበኞቹ ከሚጸዳዱበት ቦታ አጠገብ አንድ የፖላንድ መኳንንት ከአግዳሚ ሥር አጎንብሶ እንዲቀመጥ አድርገውታል። የፖላንድ ሰዎች ሙዚየሙን ሲጎበኙ እዚህ ቦታ ላይ ምን እንደሚሉ መስማት እወድ ነበር።

አሁን የአጎቴን አባባል አስታውስ፤ ታቹ ካልከበደ ላዩ አይቆምም። በቫሳ ሆድ የተጫነው የማመዛዘኛ ድንጋይ 120 ቶን ያህል ነው። ከዚያ በላይ እንዳይጨመር ደግሞ መርከቧ ዝቅ ብላ የታችኛው ወለል የመድፍ መስኮቶች ውኃውን ሊነኩ ሆነ። ከውኃ በላይ ያለው አካሏ በጣም ከፍ ያለና ከባድ ነበር፤ ውኃ ውስጥ የገባው ግን ያን ሊሸከም የሚበቃ አልነበረም። ሄይን ያኮብሶን ራሱ ይህ ነገር ሳያሳስበው አልቀረም፤ ከተሰጠው ልክ ላይ አንድ ጫማ ከአምስት ኢንች አስፍቷታል። በዚያን ጊዜ የመርከብ ሚዛን በሒሳብ የሚሰላበት መንገድ ገና አልተገኘም፤ ሠሪ የሚተማመነው በዓይኑና በልምዱ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ጥድፊያ ሲጨመርበት ልምድ የት ድረስ ይሄዳል?

ወደ ታሪኩ እምብርት ልምጣ። በ1628 ክረምት፣ መርከቧ ገና ከወደቡ እንደታሰረች፣ አንድ ሙከራ ተደረገባት። ሠላሳ ሰዎች ከወለሉ አንድ ጎን ወደ ሌላው ጎን በአንድነት እንዲሮጡ ታዘዙ። ሮጡ። መርከቧ ተንገዳገደች። ተመልሰው ሮጡ፤ ይበልጥ ተንገዳገደች። ሦስተኛ ሲሮጡ ሙከራውን ይመለከት የነበረው አድሚራል ክላስ ፍሌሚንግ ‹‹ይበቃል!›› አለ፤ መርከቧ እዚያው ወደቧ ላይ ልትገለበጥ ነበርና። ሙከራውን ያሳየው ዮራን ማትሶን የተባለ መርከበኛ ሥጋቱን ሲናገር፣ አድሚራሉ ይህን መርከብ የሠራው ሰው ከዚህ በፊትም መርከብ ሠርቷልና አትጨነቅ የሚል መልስ ሰጠው። ከዚያም ግርማዊነታቸው አገር ውስጥ ቢኖሩ ምንኛ በወደድሁ ሲል ተመኘ ተብሎ ኋላ ተመስክሮበታል። ንጉሡ ግን ባሕር ማዶ በጦር ሜዳ ነበር፤ መርከቧ እስከ ጁላይ 25 ካልተነሣች ጥፋተኛው ቁጣዬን ይጠብቅ ብሎም ጽፏል። ማን ደፍሮ ይጻፍለት? ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ የሚለው ብሂል የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ያለ ትርጉም በስዊድንም ይሠራል።

ዕለቱ እሑድ ኦገስት 10 ቀን 1628 ነበር። ስዊድኖች በዚያን ጊዜ የሚከተሉት የቀድሞውን የዩልዮስን አቆጣጠር ስለ ነበር ቀኑ በእኛ ነሐሴ 17 ቀን 1620 ዓ.ም. ላይ ይውላል፤ እዚህ ፍልሰታ በተፈታ ማግስት ማለት ነው። ከቅዳሴ የወጣው የስቶክሆልም ሕዝብ ባሕሩን ዳር ሞልቶታል። አንድ መቶ ሃምሳ ያህል ሰው ተሳፍሯል፤ እስከ ደሴቶቹ ድረስ እንዲሸኙ ስለ ተፈቀደላቸው የመርከበኞች ሚስቶችና ልጆችም አሉበት። ወታደሮቹ የሚሳፈሩት ኋላ ነበርና እነሱ ተረፉ። ከሰዓት በኋላ በአሥርና በአሥራ አንድ ሰዓት መካከል መርከቧ ከቤተ መንግሥቱ ሥር ተነሣች። መጀመሪያ በገመድ እየተጎተተች፣ ቀጥሎ ከአሥሩ ሸራዎቿ አራቱ ተዘርግተው። የስንብት መድፍ ተተኮሰ። ነፋሱ ቀላል ነበር። ከገደሎቹ መሐል ሽው ሲል ወደ ግራ ጎኗ ዘመመች፤ ተመለሰች። ሁለተኛው ሲመጣ አልተመለሰችም። ለሰላምታ የተከፈቱት የታችኛው ወለል የመድፍ መስኮቶች ውኃውን ነኩ፤ ውኃው በእነሱ ገባ። ከባሕሩ ዳር አንድ መቶ ሃያ ሜትር ያህል ላይ፣ ሸራዋን እንደዘረጋች፣ ሰንደቋን እንደሰቀለች፣ 32 ሜትር ወደሚጠልቀው ውኃ ወረደች። ሠላሳ ያህል ሰዎች ሞቱ። ከየአቅጣጫው ጀልባዎች ባይደርሱ ቁጥሩ ከዚህ በበዛ ነበር።

የመርከቧ አዛዥ ሶፍሪንግ ሃንሶን በሕይወት ተርፎ ወዲያው ታሰረ። መድፎቹን አላሰርህም ነበር ቢባል፣ ካልታሰሩ ሺህ ቦታ ክተፉኝ ብሎ ማለ። ሰክራችሁ ነበር ቢባሉ፣ እሑድ ነው፣ ብዙዎቻችን ቆርበን ነው የወጣነው አሉ። ለንጉሡ የተላከው መርዶ ሁለት ሳምንት ፈጅቶ ደረሰው፤ እሱም ይህ የሞኝነትና የግዴለሽነት ሥራ ነውና ጥፋተኞቹ ይቀጡ ሲል መለሰ። በሴፕቴምበር 5 ምርመራው በቤተ መንግሥቱ ተካሄደ። መርከበኞቹ ‹‹ጥፋቱ የሠሪው ነው›› አሉ፤ ሠሪው ‹‹በተሰጠኝ ልክ ነው የሠራሁ፤ ልኩን ያጸደቀው ደግሞ ንጉሡ ነው›› አለ። የሟቹ ሂበርትሶን ሸሪክ አረንት ደ ግሮት ተጠየቀ፤ ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? መልሱ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፤ ‹‹እሱን የሚያውቅ እግዚአብሔር ነው።››

ማንም አልተቀጣም። ሁሉም ወደ ቤቱ ገባ።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ጥቂት እንድናገር ይፈቀድልኝ፤ መርከቧን የወደድኋት በዚህ ምክንያት ነውና። ወደ ስቶክሆልም ከመሄዴ ሦስት ዓመት በፊት፣ እሠራበት በነበረው መሥሪያ ቤት፣ ለአንድ የገጠር ከተማ የሚሆን ከፍ ብሎ የሚቆም የውኃ ማጠራቀሚያ ፕላን እሥል ነበር። ከዚያ በፊት ያንኑ የሚያህል ሌላ ሥዬ ስለ ነበር፣ የአዲሱ ምሰሶዎች ከቀድሞው ቀጠን ማለታቸውን አየሁ። ለአጠገቤ ጓደኛ በኮሪደር ነገርሁት። ‹‹አንተ ምን አገባህ፣ ያሰላው መሐንዲስ ነው›› አለኝ። ምረቃው ለበዓል እንዲደርስ ከበላይ ታዞ ነበር። በስብሰባው ላይ ‹‹አስተያየት ያለው?›› ተባለ። ዝም አልሁ። እርሳሴን ስቀርጽ ነበር፤ አስታውሰዋለሁ፣ የተቀረጸውን እርሳስ መልሼ እቀርጽ ነበር። ማጠራቀሚያው ተሠራ፤ ውኃ በተሞላ በሳምንቱ ዘመመ። ቸሩ እግዚአብሔር ሌሊት ነበርና ሰው አልተጎዳም፤ ውኃው ፈስሶ ፈረሰ። አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ምክንያቱ የአፈሩ ጠባይ ነው ተብሎ ተጻፈ። እኔን የጠየቀኝ የለም፤ እኔም ሄጄ የነገርሁት የለም።

እንግዲህ ያን እሑድ ማታ፣ የሠላሳው ሰዎች ሩጫ በእንግሊዝኛ በተጻፈበት ሰሌዳ ፊት ስንት ደቂቃ እንደቆምሁ አላውቅም። የአገሬ ሰው ‹‹ምን ሆነሃል?›› ሲል ሰማሁት። ዮራን ማትሶንን አሰብሁ፤ እሱ ቢያንስ ሠላሳ ሰው አሰልፎ አሩጧል። የቀረውን ጊዜዬን እሑድ እሑድ እዚያ ስመላለስ ጨረስሁት። ቲኬት ሻጯ ሴትዮ ለይታኝ ገና ሳልናገር ትቆርጥልኝ ነበር።

መርከቧ ከሰጠመች በኋላ ያለው ታሪኳ ከመስጠሟ ያልተናነሰ ነው። ወዲያው ሊያወጧት የሞከሩ አልተሳካላቸውም። በ1664 እና በ1665 ትሬይሌበን የተባለ ስዊድናዊ ከአንድ ጀርመናዊ ጋር ሆኖ፣ ጠላቂውን እንደ ደወል ባለ ዕቃ ውስጥ አቁሞ እያወረደ፣ በጨለማና በበረዶ ውኃ ከሃምሳ በላይ መድፍ አወጣ። እያንዳንዱ ከቶን በላይ የሚመዝን መድፍ በጠባብ መስኮት ሲጎተት ይታይህ! ከዚያ ወዲያ ረሷት።

ቫሳን የፈለጋት አንደርስ ፍራንሴን የተባለ፣ በሙያው የነዳጅ መሐንዲስ የሆነ ሰው ነው። ልጅ ሆኖ የሰመጡ መርከቦችን ወሬ ይወድ ነበር። አንድ ነገር አስተዋለ። በሌሎች ባሕሮች እንጨትን በልቶ የሚጨርስ ትል አለ፤ የባልቲክ ውኃ ግን ጨዋማነቱ አነስተኛ ስለሆነ ያ ትል አይኖርበትም። እንግዲያስ የሰመጠ የእንጨት መርከብ እዚያ ሊቆይ ይችላል ማለት ነው። የመዝገብ ቤት ወረቀት እያገላበጠ፣ በትንሽ ጀልባ ገመድና ብረት ይዞ የባሕሩን ወለል እየቧጠጠ ዓመታት ቆየ። ያወጣው የነበረው አሮጌ ምድጃ፣ ብስክሌትና የገና ዛፍ ነው ይባላል። በኦገስት 25 ቀን 1956 ከባሕሩ ወለል እንጨት ቆርጦ የሚያወጣ መሣሪያውን ሲስብ ጫፉ ላይ ጥቁር የኦክ ቁራጭ ተጣብቆ መጣ። ከጥቂት ቀን በኋላ ፔር ኤድቪን ፌልቲንግ የተባለ ጠላቂ ወርዶ በዳሰሳ፣ ባላየው ጨለማ ውስጥ፣ ሁለት ረድፍ የመድፍ መስኮቶች ነካ።

ቀጥሎ የመጣውን ሥራ ለመናገር የእኔ ብዕር አይበቃም። የባሕር ኃይል ጠላቂዎች በመርከቧ ሥር በውኃ ግፊት ስድስት ዋሻ ቆፈሩ፤ ሰው በደረቱ እየተሳበ፣ ከራሱ በላይ ያረጀ መርከብና የድንጋይ ክምር ተሸክሞ፣ በጨለማና በጭቃ። አንድ ሰው አልሞተባቸውም። በዋሻዎቹ የብረት ገመድ አልፎ፣ ገመዱ ከሁለት ተንሳፋፊ ታንኳዎች ታስሮ፣ በ1959 ጥቂት በጥቂት እየተነሣች ወደ ጥልቀት አነስተኛ ቦታ ተወሰደች። ኤፕሪል 24 ቀን 1961 ከ333 ዓመት በኋላ ጫፏ ከውኃው ብቅ አለ፤ ቴሌቪዥን ላይ በቀጥታ ይታይ ነበር። በሜይ 4 ደግሞ ወደ ደረቅ መጠገኛው የገባችው በማንም ሳትደገፍ፣ በራሷ ተንሳፍፋ ነው! በ1628 ያቃታትን ያን ዕለት አደረገችው። እዚህ ቦታ ላይ ስደርስ፣ መጽሐፉን ስንት ጊዜ አንብቤ፣ ዛሬም ዓይኔ እንባ ያቀርራል።

በውስጧ የተገኘው ዕቃ የንጉሥ ሳይሆን የድኃ ዕቃ ነው፤ የእንጨት ሳህን፣ ማንኪያ፣ ጫማ፣ የመጫወቻ ገበታ፣ ሳንቲም፣ ቅቤ ያለበት ቆርቆሮ። እኔን ግን ከሁሉም የያዙኝ አራት የአናጢ መለኪያ ዘንጎች ናቸው። ሁለቱ ባለ 12 ኢንች በሆነው በስዊድን ጫማ፣ ሁለቱ ባለ 11 ኢንች በሆነው በአምስተርዳም ጫማ የተከፋፈሉ ናቸው። አንዱ አናጢ በአንዱ ጫማ፣ ሌላው በሌላው ይለካ ነበር ማለት ነው! የመርከቧም ሁለት ጎኖች ትክክል አይደሉም፤ አንደኛው ከሌላው ይወፍራል። መርካቶ አቡጀዲ ለመግዛት ክንዱ ረጅም ዘመድ አስከትላ የምትሄደውን አክስቴን አስታውሶኝ በሰው መሐል ብቻዬን ሳቅሁ። ለመስጠሟ ዋናው ምክንያት ይህ አይደለም፤ የላይኛው አካሏ ክብደት ነው። ያው ግቢ ከቫሳ ቀጥሎ የሠራት እህቷ ኤፕሌት ወደ አንድ ሜትር ያህል ሰፍታ ተሠርታ ሠላሳ ዓመት አገልግላለች፤ በ1659 በፈቃዳቸው አሰጠሟት። የእሷን ስባሪ ደግሞ በ2022 ቫክስሆልም ከተባለች ደሴት አጠገብ መገኘቱን አሳወቁ። እንግዲህ አንድ ሜትር ነበር ነገሩ።

ከ1993 በኋላ ሁለት ጊዜ ተመልሼ አይቻታለሁ። ስወዳት ሳይሆን እንደታመመ ዘመድ ስጠይቃት ነው የምለው። እንጨቷ ሲደርቅ እንዳይሰነጣጠቅ ከ1962 ጀምሮ ለ17 ዓመት ፖሊኢቲሊን ግላይኮል የሚባል ሰም መሰል ነገር ሲረጭባት ኖሯል። ያ ሁሉ ሆኖ በ2000 ክረምቱ ዝናባም ስለ ነበር የቤቱ እርጥበት ጨመረና በእንጨቷ ላይ ነጭና ቢጫ ነገር ብቅ ብቅ አለ። ለካ ለሦስት መቶ ዓመት ከከተማው ቆሻሻ ውኃ የጠጣችው ድኝ፣ ከዛገው የብረት ሚስማር ጋር ሆኖ፣ በውስጧ ወደ አሲድ እየተለወጠ ነበር። ከዚያ ወዲህ የቤቱ አየር በብርቱ ጥንቃቄ ይጠበቃል፤ ከ2011 እስከ 2018 ድረስም ከአምስት ሺህ በላይ የብረት ብሎኖች ወጥተው በማይዝግ ተለውጠዋል።

ሰዎቿም ዛሬም ይናገራሉ። ከውስጧ ከተገኙት አፅሞች አንዱን ‹‹ጉስታቭ›› ብለው ለዓመታት በወንድ ስም ሲጠሩት ኖሩ። በ2023 በዘረ መል ምርመራ ሴት ሆና ተገኘች። አሁን ‹‹ጌርትሩድ›› ትባላለች። ባሏን ልትሸኝ ገብታ ይሆናል፤ ስሟን ግን የጻፈ አልነበረም። አድሚራሉ፣ አዛዡ፣ ሠሪው፣ ንጉሡ ሁሉም በመዝገብ አሉ። እሷ የምትታወቀው በአጥንቷ ነው።

አጎቴ ከማረፋቸው በፊት ይህን ሁሉ አጫውቻቸው ነበር። ስለ ድንጋዩ ማነስ ስነግራቸው ‹‹አላልሁህም!›› ብለው ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ትንሽ ቆይተው ‹‹ያቺን የሰጠመችውን አውጥተው በቤት አስቀመጧት፤ የእኛይቱን...›› ብለው ዝም አሉ። ፎቶግራፉ አሁን እኔ ቤት ነው ያለው።

ለመጨረሻ ጊዜ የሄድሁ ዕለት፣ ሙዚየሙ ሊዘጋ ሲል፣ ሁለት ወጣቶች መሣሪያቸውን በሦስት እግሩ አቁመው ቫሳን ሲለኩ አገኘኋቸው። በአካሏ ላይ በተሰኩ ምልክቶች ላይ እያነጣጠሩ በየጊዜው ይለኳታል፤ በደረቅ መሬት ላይ ቆማ በራሷ ክብደት ቀስ በቀስ ትጎብጣለችና፣ በዓመት አንድ ሚሊ ሜትር ያህል። አንደኛው ቁጥር ይጠራል፣ ሌላዋ ትጽፋለች። ሰዓት ደረሰ ሲባል ጠባቂው መጥቶ ትከሻዬን እስኪነካኝ ድረስ ቆሜ አዳመጥሁ። ቋንቋውን አላውቅም፤ ቁጥሮቹን ግን በዚያ አራት ወር ተምሬያቸዋለሁ። አንድ ጊዜ ወጣቷ የሰማችው መሰላትና ተሳሳተች፤ ልጁ ግን ‹‹ኖ፣ ኖ›› ብሎ ደገመላት፤ ሰርዛ እንደገና ጻፈች።